የነዳጅ ጥራት በቁፋሮው ግድግዳ ላይ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሊግናይት የተባለውን ለጋ የድንጋይ ከሰል ላዩን አፈር ገልጦ በሚያወጣ ቁፋሮ ጊዜ፣ ከሰሉን ከአፈሩ ለይቶ ስለ መቁረጥ ነው። ጉዳዩ የማዕድን ቆፋሪው ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ የነዳጅ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ነዳጁ ከቦይለሩ ከመድረሱ አስቀድሞ፣ በቁፋሮው ግድግዳ ላይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በሰሜን ግሪክ የሚገኘው የፕቶሌማይስ ሸለቆ ነው። በዚያ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊግናይት ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲቃጠል ኖሯል። ከሰሉ ግን እንደ አንድ ወፍራም ንጣፍ ተጋድሞ አይገኝም። ጥቁር የሊግናይት ንጣፎች ኖራ ካዘለ ነጣ ያለ ሸክላ ጋር እየተፈራረቁ ተነባብረዋል፤ ባለሙያዎቹም ከመልኩ የተነሣ የሜዳ አህያ ዓይነት ክምችት ይሉታል። የሚቆፍረው በትልቅ መንኮራኩር ዙሪያ ባልዲዎች የተደረደሩበት ግዙፍ መሣሪያ ሲሆን፣ የቆረጠው ሁሉ በማጓጓዣ ቀበቶ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ወደ ከሰል ማከማቻው፣ ነጩ ወደ አፈር መጣያው። መሣሪያው ለይቶ ሊቆርጠው የሚችለው ዝቅተኛ ውፍረት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ የሳሳ ከሰል ከአፈሩ ጋር ይጣላል፤ ከዚያ የሳሳ አፈርም ከከሰሉ ጋር ይወሰዳል።

ነገሩን በቀላል ስሌት እንመልከተው። አንድ ሜትር ኩብ ሊግናይት 1,200 ኪሎ ግራም፣ ሸክላው ደግሞ 1,800 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። የንጹሑ ሊግናይት የሙቀት አቅም በኪሎ ግራም 1,800 ኪሎ ካሎሪ ይሁን። ባልዲው ወሰኑን አልፎ 10 ሳንቲ ሜትር ሸክላ ቢቆርጥ፣ 1 ሜትር ከሚወፍር ንጣፍ በሚገኘው ነዳጅ ውስጥ ከመቶ 13 እጅ አፈር ይገባል፤ የሙቀት አቅሙም ወደ 1,565 ይወርዳል። ንጣፉ ግማሽ ሜትር ከሆነ ግን ያው 10 ሳንቲ ሜትር ከመቶ 23 እጅ አፈር ይሆናል፤ አቅሙም ወደ 1,385 ያሽቆለቁላል።

የአፈሩ ጉዳት ሙቀት ባለመስጠቱ አያበቃም። ወፍጮውን ይበላል፤ አመድ ማስወገጃውን ያጨናንቃል። በውስጡ ያለው የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲፈርስ ሙቀት ይወስዳል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃል። እሳቱ ሲደክም ነበልባሉን ለመደገፍ ዘይት መጨመር ግድ ይሆናል።

በሌላ በኩል ከልክ ያለፈ ጥንቃቄም ዋጋ ያስከፍላል። ወሰኑን ላለመንካት ሲባል ከግማሽ ሜትር ንጣፍ 10 ሳንቲ ሜትር ከሰል ብንተው፣ ከአምስት አንዱን እጅ ቀበርነው ማለት ነው። መሣሪያውም ቀጭን ቀጭን እየቆረጠ፣ ቀበቶውም በየጊዜው አቅጣጫ እየለወጠ ሲሠራ የሰዓት ምርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የመሐንዲሱ ተግባር በብክለትና በብክነት መካከል ልኩን ማግኘት ነው። ለዚህም ከቁፋሮ በፊት ጉድጓዶችን አቀራርቦ በመሰርሰር የየንጣፉን ውፍረትና አመድ ማወቅ፣ የትኛው ቀጭን አፈር ከከሰሉ ጋር ሊወሰድ እንደሚችል አስቀድሞ መወሰን፣ በማከማቻውም ደካማውን ከጠንካራው ጋር ማደባለቅ ያስፈልጋል። ማደባለቅ ነዳጁን አንድ ወጥ ያደርገዋል እንጂ አያጠራውም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ላንሣ። በአገራችን ከሰል በሚያነድ አንድ ፋብሪካ ነዳጅ እንድረከብ ተመድቤ ነበር። ክፍያው በቶን ነበር። አንድ ቀን የመጣው ጭነት ሸክላ የበዛበትና ነጣ ያለ መሆኑን በዓይኔ አየሁ፤ ሚዛኑ ትክክል ስለ ነበረ ግን ፈረምሁ። ምድጃው ግን ሚዛን አይቶ አይሞቅም፤ በማግስቱ ሙቀቱ ሲወርድ የከፈልነው ለአፈር ጭምር መሆኑ ገባኝ። በቶን ብቻ እየተከፈለው አፈሩን በጥንቃቄ የሚለይ ቆፋሪ ራሱን ይጎዳል። ውሉ በሙቀት መጠንና በአመድ ልክ ቢሆን ግን ጥንቃቄው ዋጋ ያገኛል።

ግሪክ ሊግናይት ማቃጠልን እንደምታቆም በ2019 (እ.ኤ.አ.) አስታውቃለች። ከዚያ የተገኘው ትምህርት ግን ለእኛ አላረጀም። በያዮም ሆነ በደልቢ ሞዬ ያለው ከሰላችን ከሸክላና ከሌሎች ደለል ድንጋዮች ጋር የተነባበረ ነው። የአገር ውስጥ ከሰል በሲሚንቶ ምድጃዎቻችን እየነደደ ሳለ፣ ያልተለየ አፈር በመኪና ተጭኖ ረጅም መንገድ ሲጓዝ የሚባክነው የሁላችን ሀብት ነው።

ገበሬ ምርቱን ከግርዱ የሚለየው በአውድማ ላይ ነው፤ እንጀራው ምጣድ ላይ ከተሰፋ በኋላ የሚበጥር የለም። እኛም ማበጠሪያችንን ወደ ቁፋሮው ግድግዳ እናቅርብ እላለሁ።