ንጹሕ ስለሚመስለው ሽንት
(በሐርላ ለጓደኞቻችን ያደረግነው ንግግር)



በሐርላ ፍርስራሽ አጠገብ ተቀምጠን ስለ ኵላሊት መናገራችን ያስገርማችሁ ይሆናል። የአገሩ ሰው ሐርላዎች ትልልቅ ድንጋይ የሚያነሡ ግዙፋን ነበሩ እያለ ሲያወራ ኖሯል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ እዚህ የቈፈሩት መርማሪዎች ግን ያገኙት እንደኛው ያለ ሰው ዐፅም ነው። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድና ከየመን፥ ከማዳጋስካር፥ ከቻይና ሳይቀር የመጣ ዕቃም አግኝተዋል። እንግዲህ ዕቃ በመጣበት መንገድ ሰው ይመጣል፤ ሰውም ሲመጣ ከአባቶቹ የወረሰውን ደም ይዞ ይመጣል።

ይህን ያነሣነው «ሲክል ሴል የኛ አገር በሽታ አይደለም» የሚለውን አባባል ብዙዎቻችን ስለምንደግመው ነው። በደጋው ብርቅ መሆኑ እውነት ነው። አሊሰን የተባለው ሐኪም በ1954 እንዳሳየው፥ የበሽታውን ዘር ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ወባ በማይደርስበት አገር ዘሩ አይበዛም። ድሬዳዋ ግን ደጋ አይደለችም። በ2022 ብርቱ የወባ ወረርሽኝ አይታለች፤ በሽታው በታወቀባቸው በየመንና በሱዳን በኩል የሚመጣ መንገደኛም አይታጣባትም።

ዘሩን ከሁለቱም ወላጆች የወረሰ ሰው ግን ይታመማል። ቀይ የደም ሕዋሱ ኦክሲጅን ሲያጣ እንደ ማጭድ ይጐብጥና ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጋል። በኵላሊት የውስጠኛው ክፍል ደግሞ ኦክሲጅን አነስተኛ ነው፤ ጨው ይበዛል፥ አሲድም አለ። ሕዋሱን ለማጕበጥ ከዚህ የተመቸ ቦታ በሰውነታችን ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ገና በልጅነት ኵላሊት ሽንትን የማጠንከር ኃይሉን ያጣል። ልጁ ብዙ ቀጭን ሽንት ይሸናል፥ ሌሊት ይነሣል ወይም መኝታውን ያረጥባል፤ በድሬዳዋ ሙቀትም ቶሎ ውሃ ያንሰዋል።

የ17 ዓመት ልጅ አይተናል። እናቱ «ሰነፍ ነው፥ ሌሊት መነሣት ይታክተዋል» እያለች ስትቈጣው አድጓል። ሽንቱ ውስጥ የነከርነው ወረቀት ቀለሙን አልለወጠም። የደሙ ክሬአቲኒንም ዝቅ ያለ ነበር። እኛም ደስ ብሎን «ኵላሊትህ ደኅና ነው» አልነው።

አፍረን እንናገራለን፤ ሁለቱም ምርመራዎች አታልለውናል። ወረቀቱ የሚያየው አልቡሚን በሽንቱ ውስጥ ምን ያህል እንደ ጠነከረ ነው፤ የዚህ በሽተኛ ሽንት ግን ሁልጊዜ ቀጭን ስለሆነ፥ የሚያፈሰው አልቡሚን በውሃው ብዛት ተሸፍኖ ያመልጣል። ክሬአቲኒንም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኵላሊቱ ከልክ በላይ ያጣራል፤ ቀጫጭኖቹም ቱቦዎች ክሬአቲኒንን ወደ ሽንት አብዝተው ይገፋሉ፤ የበሽተኛውም ጡንቻ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ቍጥሩ ዝቅ ብሎ መታየቱ ደኅንነት ሳይሆን የድካሙ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ ከፍ እስኪል የጠበቀ ሐኪም የሚያገኘው የተበላሸ ኵላሊት ነው።

ታዲያ መፍትሔው ውድ አይደለም፤ የጥዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ተቀብሎ አልቡሚኑን በዚያው ሽንት ካለው ክሬአቲኒን ጋራ ማወዳደር ነው። ሁለቱም በውሃው እኩል ስለሚቀጥኑ የሽንቱ ቀጭንነት ውጤቱን አያዛባም። በአንድ ግራም ክሬአቲኒን 30 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲገኝ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነውና እንደገና ይረጋገጣል። በ2014 የወጣው የአሜሪካ ሊቃውንት መመሪያ ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በየዓመቱ ሽንት እንዲመረመር ያዛል። ለአዋቂዎች እንደ ኤናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒት የአልቡሚኑን መፍሰስ ይቀንሳል፤ ሆኖም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፥ የደሙም ፖታሲየም መታየት አለበት። ልጆች ወደ ኵላሊት ሐኪም ይላካሉ። አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎች ግን ኵላሊትን ስለሚጐዱ፥ ሕመም በያዘው ቍጥር ከሱቅ እየገዛ የሚውጥን በሽተኛ አጥብቀን መምከር ይገባናል።

ልጁን አስጠርተን የጥዋት ሽንቱን እንዲያመጣ ነገርነው። ውጤቱ ከ30 በላይ ሆነ። ለማረጋገጫው የሚመጣው ወር ተቀጥሯል። እናቱ ከወዲሁ መቈጣቷን ትታ፥ በራስጌው ማሰሮ ውሃ ታስቀምጥለታለች።