ከክትፎ የተረፈ አጥንት

ርካሽ የቻይና ኑድል ቤት ለጉራጌዋ ከተማ ለጉንችሬ ይስማማል? ይስማማል እላለሁ፤ ዋናው ምክንያቴ አጥንት ነው። ክትፎ የሚፈልገው ጅማቱ የወጣለት ቀይ ሥጋ ነውና አጥንቱ ይተርፋል። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በላንጆ ከተማ፣ የኑድል ቤቶች ገበያ የቆመው በዚሁ አጥንት ላይ ነው። ለሰዓታት ይንተከተካል፤ አንድ ድስት መረቅ ለብዙ ሰው ይበቃል፤ በሳህኑ ላይ የሚታየው ሥጋ ጥቂት ስስ ቁራጭ ብቻ ነው። ሊጡም ማሽን አይጠይቅም። አብሳዩ ያረፈውን የስንዴ ሊጥ በሁለት እጁ ይስበዋል፣ ያጥፈዋል፣ ደግሞ ይስበዋል፤ ሰባት ጊዜ ሲያጥፈው 128 ክር ይሆናል። የፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይበስላል። እጅ ማፍታቱ ግን ጊዜ ይወስዳል፤ ባለሙያ ማሠልጠን የግድ ነው።

«የእኛ ምግብ አይደለም» የሚል ይኖራል። ፓስታም አልነበረም፤ ከጣሊያኖች ጋር መጥቶ ዛሬ በየትንሹ ከተማ ምግብ ቤት፣ በጾም ቀን ሳይቀር፣ ይታዘዛል። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፦ የቻይና ምግብ ሲባል አሳማ ይጠረጠራል፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም በእርድ ይለያያሉ። የላንጆ ኑድል ግን ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ሙያ ነው፤ አሳማ አይነካውም። ሥጋው የማን እርድ እንደሆነ ባለቤቱ በሩ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ለጿሚው ደግሞ በሌላ ድስት የአትክልት መረቅ ይጣድ። ቆጮና ክትፎ ቦታቸውን አይለቁም፤ ኑድሉ የሚፈለገው ክትፎ ለዕለት ምሳ ለሚከብደው የቀን ሠራተኛና ተማሪ ነው።