ቄጠማው የበቀለበት ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በቀዳም ሥዑር ካህናት ቄጠማ ይዘው ወደ ቤታችሁ ሲመጡ፥ በእልልታ ተቀብላችሁ በራሳችሁ ላይ ታስሩታላችሁ። ቄጠማው የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን ርግብ ያስታውሰናል፤ የትንሣኤም ምሥራች ነው። ዛሬ ግን እንጠይቃችሁ ዘንድ ወደድን፤ ይህ ቄጠማ የሚበቅልበትን ውኃ ምን አደረግነው?

ከእንጦጦ የሚወርደው ቀበና በቦሌ በኩል ያሉትን ጅረቶች ተቀብሎ ከትልቁ አቃቂ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂም ከከተማው በስተደቡብ በአባ ሳሙኤል ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በዚያ ያለው ሐይቅና ረግረግ የአዕዋፍ ማደሪያ ነው፤ ወፎችን የሚመረምሩ ሊቃውንትም ለአዕዋፍ እጅግ ከሚያስፈልጉት ስፍራዎች ጋራ ቈጥረው መዝግበውታል። መስከረም ሲጠባ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሚሸሹ ዳክዬዎች ባሕሩንና ምድረ በዳውን ተሻግረው ይመጣሉ፤ በጋውን ከርመው በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በ8ኛው ምዕራፍ፥ ወፎች የመምጫ ጊዜያቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ፍርድ አለማወቁን የወቀሰው ስለዚህ ነው።

እነዚህን እንግዶች የምንቀበላቸው በምንድር ነው? ከቤታችን በሚወጣው እድፍ፥ ከቆዳ ፋብሪካ በሚለቀቀው መርዝ፥ በየድልድዩ ሥር በሚጣለው ፕላስቲክ ነው። በዚህ እድፍ የሚወፍረው እምቦጭ የሐይቁን ፊት ይሸፍነዋል። ረግረግ ውኃን የሚያጣራ የእግዚአብሔር ወንፊት ነው፤ ነገር ግን ያለ ልክ የተጫነ አህያ እንደሚወድቅ፥ እርሱም ከአቅሙ በላይ ሲሆን ይወድቃል። በአቃቂ ውኃ ጐመንና ሰላጣ የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉና፥ የጣልነው መርዝ ተመልሶ ወደ ማዕዳችን ይመጣል።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ34ኛው ምዕራፍ፥ ጥሩውን ውኃ ጠጥተው የተረፈውን በእግራቸው የሚያደፈርሱትን የሰቡ በጎች ይገሥጻል፤ ደካሞቹ በጎች ድፍርሱን ይጠጣሉና። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ከውኃው በላይ የተቀመጥን እኛ እነማን ነን? እኛም ካህናት ከዚህ ተግሣጽ ውጭ አይደለንም። በክብረ በዓል ማግሥት በደጀ ሰላማችን የወደቀው የውኃ ፕላስቲክ ዝናም ሲመጣ ወዴት እንደሚሄድ ስንቶቻችን ጠየቅን?

እንግዲህ ንስሓችን በቃል ብቻ አይሁን። የሽንት ቤቱን ቧንቧ ወደ ወንዝ የለቀቀ ይዝጋው፤ ባለ ፋብሪካውም እድፉን ሳያጣራ አይልቀቅ፤ ቤተ ክርስቲያንም ቅጽሯን አጽድታ ለሰፈሩ ምሳሌ ትሁን። እግዚአብሔር በዕለተ ሐሙስ ከውኃ ያስገኛቸውን አዕዋፍ ባርኳቸዋል፤ እርሱ የባረከውን እኛ አንመርዝ። በሚመጣው ትንሣኤ ቄጠማውን በራሳችን ስናስር፥ የበቀለበት ውኃ እንዳይፋረደን ቸርነቱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።