ክትፎው ይቆያል



«ሚኒሶታ ሄዶ አዳኝ ሆነ» እያላችሁ ስትስቁ ሰማሁ። እውነት ነው፤ ግን በቀስት ነው። ወቅቱ እስከ ዲሴምበር 31 ስለሚቆይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ።

እኛ አገር አጋዘን የምንለው ቀንዱ ተጠማዞ ያደገውን፣ የማይጥለውን ነው። ነጭ ጅራቱ የአሜሪካ አጋዘን ግን በየዓመቱ ይጥላል። በኖቬምበር ሴት ሲያሳድድ የከሳው ወንድ፣ በዲሴምበር ሐሳቡ ሁሉ ምግብ ነው፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ታጨደው የበቆሎ ማሳ ይወጣል። እኔም ነፋሱ ሽታዬን እንዳያደርስበት ሆኜ፣ ዛፍ ላይ በታሰረች መቀመጫ እጠብቀዋለሁ። ከመሬት ስነሳ ጀምሮ እስክወርድ በቀበቶ ታስሬ ነው፤ ብርድ ያደነዘዘው እጅ አይታመንማ! ጎኑን ካልሰጠኝ፣ ከ20 ሜትርም ከራቀ አልለቅም። አቁስሎ መስደድ ነውር ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሥጋውን ሳመጣ «ክትፎ!» ትላላችሁ። አይሆንም። ከ1967 ጀምሮ በኮሎራዶ የታወቀ፣ አጋዘንን አመንምኖ የሚገድል በሽታ አለ። መንስኤው ቅርጹን የሳተ ፕሮቲን፣ ፕሪዮን ነው፤ ማብሰል አያጠፋውም። ሰው ላይ እስካሁን አልተረጋገጠም። ቢሆንም በሽታው ባለበት አካባቢ የታደነ ይመርመር፣ የተገኘበትም አይበላ ነው ምክሩ። ስለዚህ ውጤቱ እስኪመጣ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ይቆያል። ነጻ ከሆነም፣ ሌላ ጥገኛ ተሕዋስ ስለማይጠፋ፣ በደንብ ይበስላል።

የሚያኮርፍ ያኩርፍ። እንግዳ በጥርጣሬ አይበላም። መምህሮቻችን፣ ይህን ጥንቃቄ ከእናንተ ነው የወሰድኩት።