ከኮከቡ ጀርባ ያለው ቁጥር
(በማኅበራችን የሩብ ዓመት ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍሉ ሁልጊዜ የሚያወራችሁ ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ተመላሽ ነው። ዛሬ ግን ስለ ኒሻን ልናወራችሁ ነው። የሶቪየት ኅብረትን የጦር ኒሻንና ሜዳሊያ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። ከመካከላቸው ጎበዞቹ ዕቃውን ገዝተው ሳጥን ውስጥ በማስቀመጥ አያበቁም፤ «መጀመሪያ የተሸለመው ማን ነው? በምን ሥራው?» ብለው ይመረምራሉ። ይህ ጥያቄ አሁን እኛም ደጅ ደርሷል።

ለባዛራችን ከተሰጡት ዕቃዎች አንዱ የቀይ ኮከብ ኒሻን ነው። የሰጡን እናት ከሟች ወንድማቸው ዕቃ መካከል ያገኙት ነው። ወንድምየው ኪየቭ ተማሪ ሳሉ መንገድ ዳር ከቆሙ አንዲት አሮጊት እንደገዙት ነግረዋቸዋል። በኮሚቴው ውስጥ «ቶሎ ሸጠን ለልጆች ደብተርና እስክሪብቶ እናውለው» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ተገቢ ሐሳብ ነው፤ ገንዘቡ ያስፈልገናል። እኛ የምንለው ከሽያጩ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ ነው።

ይህ ኒሻን የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ከብር የተሠራ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሲሆን ጫፎቹ ቀይ ናቸው፤ መሃሉ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር አለ። ከ3 ሚሊዮን በላይ ስለተሰጠ ብርቅ ዕቃ አይባልም። ቁም ነገሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። እያንዳንዱ ኮከብ የራሱ ቁጥር አለው፤ ያው ቁጥር በተሸላሚው የኒሻን ደብተር ላይ ይጻፋል። የተሸላሚዎች ካርድ ደግሞ ሞስኮ አጠገብ በፖዶልስክ ከተማ በሚገኘው የመከላከያ ሚኒስቴር ማዕከላዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል። ከካርዱ ስሙ ይገኛል። ከስሙ ደግሞ አዛዡ ለሽልማት ሲያቀርበው የጻፈው ወረቀት ይገኛል፦ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሠራው ሥራ። ከጦርነቱ ዘመን ወረቀቶች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በኢንተርኔት በስም ተፈልገው ይነበባሉ።

ሁለት ኮከቦችን ጎን ለጎን ብናስቀምጥ አንለያቸውም። አንደኛው ግን እ.ኤ.አ. በ1944 በወጣው ድንጋጌ መሠረት በጦሩ ውስጥ 15 ዓመት ላገለገለ ሰው የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው ትእዛዝ ቁጥር 281 የተሰጠ ይሆናል። ይህ ትእዛዝ እንደ እኛ የሒሳብ ሰንጠረዥ ነው፦ 15 ቁስለኛ ከነመሣሪያው ከጦር ሜዳ ላወጣ ሜዳሊያ፣ 25 ላወጣ ቀይ ኮከብ፣ 40 ላወጣ የቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻን፣ 80 ላወጣ የሌኒን ኒሻን። ከቁስለኛ አውጪዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ከራሷ የሚከብድ ሰው ከነጠመንጃው እየጎተተች፣ ጥይት እየዘነበ፣ 25 ጊዜ መመላለስ ማለት ነው።

በዚያ ጦርነት 800,000 ያህል ሴቶች በሶቪየት ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ሲመለሱ ግን ሁሉም ሰው በክብር አልተቀበላቸውም። «ለውጊያ አገልግሎት» የተባለውን ሜዳሊያ ያደረገች ሴት፣ በአልጋ ያገኘችው ነው እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ብዙዎቹም ሜዳሊያቸውን ደብቀው ዝም አሉ። ይህን ሐሜት የሚረታው ያ የአዛዡ ወረቀት ነው። ስሟና የሠራችው ሥራ በቀለም ተጽፎ ተቀምጧል። ሐሜት ሴትን ምን እንደሚያደርግ እኛ ነጋሪ አያስፈልገንም፤ የተጻፈ ማስረጃ እንዴት እንደሚያድንም እናውቃለን።

የቀይ ኮከብ ተሸላሚ በወር 15 ሩብል ይከፈለው ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1948 መግቢያ ጀምሮ ክፍያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ደግሞ የኑሮ ውድነቱ ጡረታቸውን በላው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ኒሻናቸውን ለመሸጥ ተገደዱ። አንፈርድባቸውም፤ ከእኛም መካከል በክፉ ቀን የጋብቻ ቀለበቷን ይዛ ወርቅ ቤት የገባች አለች። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ኒሻኑ ሲሸጥ ደብተሩ ቤት ይቀራል። በእኛ ሙያ አነጋገር፣ ዕቃና ደረሰኝ ተለያዩ ማለት ነው።

የሩሲያ ሕግ የእነዚህን ኒሻኖች ንግድ ወንጀል ያደርገዋል፤ በሌሎች ብዙ አገሮች ግን በይፋ ይሸጣሉ። ባለቤቱ የታወቀ ኒሻን ካልታወቀው የበለጠ ያወጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ሰብሳቢ ለትርፍ ይመረምራል፤ ሌላው ሰውየውን ወይም ሴትየዋን ለማወቅ ብሎ ይደክማል። እኛም ብንሸጠው ብናስቀምጠው፣ አስቀድመን መመርመራችን አያከስረንም።

ስለዚህ ጉባኤው ሦስት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የኮከቡ ፊትና ጀርባ ፎቶ ተነሥቶ ቁጥሩ በንብረት መዝገባችን ይስፈር። ሁለተኛ፣ የሰጡን እናት ከወንድማቸው የሰሙትን ሁሉ ጸሐፊያችን ዛሬውኑ ትመዝግብልን። ሦስተኛ፣ ሩሲያኛ የምታነቡ ደጋፊዎቻችን በፍለጋው እንድትረዱን እየለመንን፣ ሽያጩ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ይቆይ። የተሸላሚው ቤተሰብ ከተገኘ ምን እንደሚደረግ ያን ጊዜ አብረን እንመክራለን። የልጆቹን የትምህርት ቁሳቁስ ከሌላው የባዛር ገቢ ለመሸፈን አስልተናል፤ ይበቃል።

በየቤታችሁ የአርበኛ አያት ወይም የኮሪያ ዘማች አባት ሜዳሊያ ያላችሁም፣ የማን እንደሆነና በምን እንደተገኘ የሚያስታውሱ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቁና ጻፉት። መጻፍ ለማትችሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁጠባ ክፍያው በኋላ ቢሮ እንቀመጣለን፤ እየነገራችሁን እንጽፋለን።