የፊሽካው ፍርድ
በተማሪ ቤት የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ዳኝነት ለሚጀምሩ የተነገረ



«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአባቶች ቃል ለርስትና ለከብት ክርክር ብቻ የተነገረ አይደለም። በተማሪ ቤት ግቢ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ሲጫወቱ የዋሉ ልጆችን የተመለከተ ሰው የቃሉን እውነትነት በዓይኑ ያየዋል። በሃያ ነጥብ የተሸነፈው ቡድን ፊቱን ታጥቦ፥ እርስ በርሱ እየተሣሣቀ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አንዲት ነጥብ በዳኛ ስሕተት ተወሰደችብኝ የሚለው ልጅ ግን እራቱን ሳይበላ ያድራል፥ ከዓመትም በኋላ ያነሣታል። በቅሎዋ ሳትቈጨው ጭብጦዋ ትቈጨዋለች ማለት ነው። ስለዚህ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚገባው ሰው የጨዋታ አዳማቂ ሳይሆን ፈራጅ ነው።

ይህ ነገር በሐረር ከተማ ይልቁን ይከብዳል። አሮጌው ከተማ ጀጎል በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠሩት በሚነገረው ግንብ የተከበበ፥ አምስት የጥንት በሮች ያሉት፥ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በግንቡ ውስጥ ቤት ከቤት ተጠጋግቶ ስለ ተሠራ፥ ርዝመቱ 28 ወርዱም 15 ሜትር የሆነ ሜዳ የሚዘረጋበት ስፍራ በቀላሉ አይገኝም፤ ጨዋታው የሚደረገው ሰፊ ግቢ ባላቸው ተማሪ ቤቶች ነው። ከውስጥ በሸዋ በር ወይም በኤረር በር ወጥቶ የሚመጣው ልጅና ከውጭ በአዲሱ ከተማ የሚኖረው ልጅ በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ። ወላጆቻቸውም በገበያ፥ በጋብቻ፥ በአፎቻ ማኅበርና በጉርብትና የተሳሰሩ ናቸው። የአንዱ ቡድን ተጫዋች አጎት በሌላው ተማሪ ቤት አስተማሪ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዲህ በዚህ ከተማ ማንንም የማያውቅ ዳኛ ከወዴት ይመጣል? አይመጣም። የመጀመሪያው ዳኛ የተማሪ ቤቱ መምህር ወይም መምህርት፥ አለዚያም ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ ወጣት ነው።

የቅርጫት ኳስን ጨዋታ ያወጣውም ሰው ራሱ አስተማሪ ነበረ። ጀምስ ኔይስሚዝ ይባላል፤ ትውልዱ ካናዳ ሲሆን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የሰውነት ማጠንከሪያ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 በታኅሣሥ ወር፥ በበረዶው ወራት ተማሪዎቹ በአዳራሽ ውስጥ የሚጫወቱት ቢያጣ፥ ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ በሁለት ወገን አስቸነከረና 18ቱን ተማሪዎች ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፈላቸው። የቅርጫቱ ከፍታ በዛሬው ልክ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ነበረ፤ ይህ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ኔይስሚዝ በሸመገለ ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1939 በራዲዮ ሲናገር፥ በመጀመሪያው ሙከራ ልጆቹ ተያይዘው መደባደብ እንደ ጀመሩና ኳስ ይዞ መሮጥን የሚከለክለው ሕግ ጠቡን እንዳበረደው አስታውሷል። ከጻፋቸውም 13 ሕጎች ሁለቱ፥ 10ኛውና 11ኛው፥ የሚናገሩት ስለ ዳኞች ነው፤ አንደኛው ዳኛ ሰዎቹን፥ ሁለተኛው ዳኛ ኳሱን እንዲጠብቅ ያዝዛሉ። ጨዋታው ገና ስም ሳይወጣለት ዳኛ ተሰይሞለት ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ኢትዮጵያም በዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለችም። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ማኅበር የገባችው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ በ1962ም በካይሮ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ውድድር ቡድኗ ተካፍሏል።

አሁን ሽማግሌዎች በሚያውቁት ነገር ይመዘን። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሙግት ተከራካሪዎች በመንገድ የሚያልፈውን ሰው እንኳ ልብሱን ይዘው ዳኘን ይሉት ነበር። እርሱም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፥ ከሳሽና ተከሳሽ በላ ልበልሃ እየተባባሉ ሲሟገቱ አዳምጦ፥ ምስክር ሰምቶ፥ በዙሪያው የቆሙትንም አስተያየታቸውን ጠይቆ በመጨረሻ ይፈርዳል። ዳኛ ሳይሰማ መፍረዱ ነውር ነበር። የሜዳው ዳኛ ግን ሥራው የዚህ ግልባጭ ነው። ማንንም ሳይሰማ፥ ምስክር ሳይጠራ፥ ቆሞ እንኳ ሳይሆን እየሮጠ፥ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለ ጊዜ ውስጥ ይፈርዳል፤ ሙግቱም የሚመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። ያን ጊዜ መስማት ከጀመረ ጨዋታው ይቆማል፤ ምንም አልሰማም ብሎ ፊቱን ካጠቈረ ደግሞ ይጠላል። ጀማሪውን የሚያስጨንቀው ይህ ነው እንጂ የሕጉ መጽሐፍ አይደለም። የጥንቱ ዳኛ በጆሮው የሚያገኘውን እውነት የሜዳው ዳኛ በእግሩና በዓይኑ ማግኘት አለበት።

በእግሩ የተባለው በቀልድ አይደለም። በተማሪ ቤት ጨዋታ ብዙ ጊዜ ሁለት ዳኞች ይሰለፋሉ። አንደኛው ከቅርጫቱ ሥር ባለው የመጨረሻ መሥመር ላይ ይቆማል፤ ሁለተኛው ከአጥቂዎቹ በኋላ ወደ መካከለኛው መሥመር ቀረብ ብሎ ይከተላል። ኳሱ ወደ ሌላው ወገን በዞረ ጊዜ የኋለኛው ፊተኛ፥ ፊተኛውም ኋለኛ ይሆናል። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ ትንፋሹን ያላለማመደ ዳኛ በሦስተኛው ክፍል ጨዋታ ላይ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ የቀረ ዳኛም የተጫዋቾችን ጀርባ እያየ ይፈርዳል። ጀርባ ደግሞ ምንም አይናገርም። መልካሙ ስፍራ በአጥቂውና በተከላካዩ መካከል ያለው ክፍተት የሚታይበት ጎን ነው፤ በክፍተቱ ብርሃን ካለፈ አልተነካኩም፥ ክፍተቱ ከተዘጋ ማን እንደ ዘጋው ማየት ነው። ለዚህም አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ይበቃል።

ዓይኑስ ምን ይመልከት? ጀማሪ ዳኛ ሁሉ በመጀመሪያ እንደ ተመልካች ኳሱን ይከተላል። ኳስ ግን ጥፋት አትሠራም። ኳሱ ወደ ቀለበቱ ሲወረወር ሕዝቡ ሁሉ ቀና ብሎ ሲያይ፥ ዳኛው ግን ከታች የወርዋሪውን ክንድና የሚጋፉትን ትከሻዎች ያያል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የቆመበትን ስፍራና ከራሱ በላይ ያለውን አየር ይሰጠዋል። ተከላካዩ ፊቱን ወደ ባላጋራው አዙሮ፥ ሁለት እግሮቹን አስቀድሞ ተክሎ ከቆመ፥ በደረቱ ላይ የሚወድቅበት አጥቂ ጥፋተኛ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢዘልና እጁን ወደ ሰማይ ቢዘረጋ መብቱ ነው፤ ወደ ፊት አዘንብሎ የወርዋሪውን ክንድ ቢመታ ግን የሰው አየር ገብቷል። መነካካት ሁሉ ጥፋት አይደለም። ጨዋታውን ያላሰናከለ መጠነኛ መነካካት ያልፋል፤ ይህን የማያውቅ ጀማሪ ዘወትር ፊሽካ እየነፋ ልጆቹን ከመሮጥ ያግዳቸዋል።

ሕጉን ማንበብ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ባላጋራው በሚጠብቀው ቅርጫት ፊት በተሠመረው ክልል ውስጥ ከ3 ሴኮንድ በላይ መቆም፥ ኳሱን በ8 ሴኮንድ ወደ ፊተኛው ግማሽ አለማሻገር፥ በ24 ሴኮንድ ውስጥ አለመወርወር፥ እነዚህ ሁሉ በቃል መያዝ አለባቸው። የመጀመሪያው ደንብ እንኳ የሚፈጸመው የአጥቂው ቡድን ኳሱን በፊተኛው ግማሽ ይዞ ሳለ ነው፤ ቅጣቱም ኳስ ላልያዘው አጥቂ ጭምር ነው። አምስት ጥፋት የሞላበት ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል። አንድ ቡድን በአንድ ክፍል ጨዋታ አራት ጥፋት ከሠራ በኋላ በሚቀጥለው የተከላካይ ጥፋት ሁሉ ባላጋራው ሁለት ነጻ ውርወራ ያገኛል። በመንደር ተማሪ ቤቶች ግን አንድ አደጋ አለ፤ ይኸውም በመጽሐፍ መደርደሪያው ላይ የሚገኘው የሕግ መጽሐፍ ያረጀ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ ጨዋታው ሁለት የ20 ደቂቃ ክፍል ነበረ፥ የመወርወሪያውም ጊዜ 30 ሴኮንድ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ አራት የ10 ደቂቃ ክፍልና 24 ሴኮንድ ሆነ። የሦስት ነጥቡ መሥመርም በ2010 ከ6 ሜትር ከ25 ወደ 6 ሜትር ከ75 ሳንቲ ሜትር ርቋል። መጽሐፉን ከመክፈት በፊት የታተመበትን ዓመት ማየት ይገባል።

አጀማመሩም በቀጥታ ወደ ትልቅ ግጥሚያ መግባት አይደለም። ጀማሪው አስቀድሞ ከውጤት መዝጋቢው ጠረጴዛ ተቀምጦ ጥፋትና ነጥብ ይጻፍ፤ ከዚያ በሰውነት ማጠንከሪያ ክፍለ ጊዜ ለታናናሾቹ ልጆች ይፍረድ። በግጥሚያው ቀን ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ ሜዳውን ይዙር፤ ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ ያስለቅም፥ ቀለበቱ መጥበቁን ይይ።

ፊሽካዋንም በጽኑ ይንፋት። በፍርሃት የተነፋች ፊሽካ ፍርዱን ትጠረጣሪ ታደርገዋለች። (ፍሬ ያላት የቀድሞዋ ፊሽካ አንዳንድ ጊዜ ፍሬዋ ተሰክቶ ዝም ትል ነበር፤ ሮን ፎክስክሮፍት የተባለ ካናዳዊ የቅርጫት ኳስ ዳኛ ይህ ስለ ደረሰበት ፍሬ የሌላት ፊሽካ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1987 አወጣ።) ከፊሽካዋ ጋር እጅ ወደ ላይ ይነሣል፤ ለጥፋት የተጨበጠ፥ ለሌላ የሕግ መተላለፍ የተዘረጋ። ጥፋት ከሆነ ዳኛው ወደ ጠረጴዛው ቀርቦ የተጫዋቹን ቁጥር በጣቶቹ፥ የጥፋቱን ዓይነትና የሚከተለውን ቅጣት በምልክት ያሳያል። በሐረር ገበያ ሐረሪኛ፥ ኦሮምኛ፥ አማርኛ፥ ሶማሊኛ በአንድ ቀን ይሰማል፤ በሜዳውም ዙሪያ እንዲሁ ነው። በአንዱ ቋንቋ ምክንያቱን የሚያስረዳ ዳኛ ለሌላው ወገን የሚያንሾካሹክ መስሎ ይታያል። የእጅ ምልክቱ ግን በካይሮም በሐረርም አንድ ስለ ሆነ፥ ሁሉም እኩል ያነበዋል። ጀማሪው በመስተዋት ፊት ቆሞ ቢለማመደው የሚያሳፍር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው በመጽሐፍ የማይገኝ ነው። አንድ ነገር በምሳሌ ይታሰብ። ሁለት ተማሪ ቤቶች ተጋጥመዋል፤ ዳኛው የባለ ሜዳው ተማሪ ቤት መምህር ነው። ሊያበቃ ጥቂት ሴኮንዶች ቀርተዋል፤ ባለ ሜዳው በአንድ ነጥብ ይመራል። እንግዳው አጥቂ ለመወርወር ዘለለ፤ የመምህሩ ተማሪ፥ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ትጉህ የሆነው ልጅ፥ አብሮት ዘለለና ክንዱን መታው። ኳሱ ሳይገባ ቀረ። ያየው ዳኛው ብቻ ነው። ፊሽካው ከተነፋ ሁለት ነጻ ውርወራ ነው፤ ጨዋታው ሊገለበጥ ይችላል። ካልተነፋ ማንም አይከሰስም።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሰው ሁለት ዓይነት ይወድቃል። አንደኛው ዝም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አዳልቷል እንዳይባል ፈርቶ ቀኑን ሙሉ በገዛ ተማሪዎቹ ላይ ያጠብቃል፤ ይህም ማዳላት ነው፥ የተገለበጠ ብቻ ነው። ሦስተኛም አለ፤ ቀደም ብሎ የሠራውን ስሕተት ለማካካስ ለተበደለው ወገን ያልተሠራ ጥፋት ይነፋል። አንድ ስሕተት ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ ልጆቹም ወዲያው ያውቁታል። የተሳሳተ ዳኛ ስሕተቱን በልቡ ይዞ የሚቀጥለውን ብቻ አይቶ ይፍረድ፤ ካፕቴኑ በትሕትና ቢጠይቀው «አላየሁትም» ማለት ያስከብረዋል።

ሽማግሌዎችም በዚህ ድርሻ አላቸው። ከሜዳው ዳር ከፊት የሚቀመጡት እነርሱ ናቸው፤ ልጆቹ የሚጮኹትም እነርሱን እያዩ ነው። ዳኛው የሽማግሌውን የልጅ ልጅ ሲቀጣ ሽማግሌው ቢያጉረመርም፥ ከኋላው ያለው ወጣት ድንጋይ ለማንሣት ፈቃድ ያገኘ ይመስለዋል። ቢታገሥና ከጨዋታው በኋላ ዳኛውን «ደከምህ፥ ልጄ» ቢለው፥ ያ ጀማሪ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ጀማሪዎች ዳኝነቱን የሚተዉት ሕጉ ስለ ከበዳቸው ሳይሆን አንድ ቀን ብቻቸውን ከሜዳ ስለ ወጡ ነው።

ጸንቶ ለቆየ ግን መንገዱ ሩቅ ነው። ሊዲያ ታፈሰ በወጣትነታቸው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ በኋላ በእግር ኳስ ዳኝነት እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ዳኛ ሆኑ፥ በ2015 በካናዳና በ2019 በፈረንሣይ ለተደረጉት የሴቶች የዓለም ዋንጫዎችም ከዳኞቹ መካከል ተመረጡ። ጨዋታው ቢለያይም ፊሽካው ያው ነው።

በምሳሌ የታሰበው መምህር ፊሽካውን ነፍቶ፥ ጡጫውን ወደ ላይ አንሥቶ፥ የገዛ ተማሪውን ቁጥር በጣቶቹ አሳይቷል እንበል። እንግዳው ልጅ ሁለቱንም አግብቶ ወይም ስቶ ጨዋታው ያበቃል። ከዚያ በኋላ ዳኛው የሚሠራው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የውጤቱን መዝገብ መርምሮ ይፈርማል። በሕጉ መሠረት ከተፈረመ በኋላ ከጨዋታው ጋር ያለው ግንኙነት ያከትማል፥ ሊጨምርበትም ሊቀንስበትም አይችልም። ብዕሩን አስቀምጦ፥ ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፥ ወደ ጀጎል ከሚመለሱት ልጆች ጋር በሸዋ በር ይገባል፤ በማግሥቱም ጥዋት ያ ትጉህ ተማሪ በክፍሉ ውስጥ በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ይጠብቀዋል።