ደንበል ዳር ፀሐይ ስትወጣ



አምና ከእንሴኖ ሌሊት ተነስተን ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ ወደ ደንበል፣ ምዕራባዊ ዳር የወረድነው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። አንዲት አባላችን ስታርፍ ለለቅሶዋ የሚያዝ አንድ ፎቶ እንኳ አጥተን ነበር። ከዚያ በኋላ በሕይወት ሳለን እንነሳ ተባባልን።

ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከውሃው ማዶ ብቅ አለች። ጀርባችንን ሰጥተናት ስንነሳ ፊታችን ጠቆረ፤ ስልኩ የሷን ብርሃን እየመጠነ እኛን አጨለመን። ፊታችንን ወደ እሷ ስናዞር ግን መልካችን ጥርት ብሎ ወጣ። ፀሐይዋ በፎቶው ውስጥ የለችም፤ ፊታችን ላይ ግን አለች።

ፎቶዎቹ ታትመው በማኅበራችን መዝገብ ተቀምጠዋል። ፎቶ የሌላችሁ አባላት ለጸሐፊያችን ንገሩ፣ ሳይረፍድ።